በሬውን ተዉለት

ከሆስፒታሉ የመጣው ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው ነገር «በሽተኛው በሬ ነኝ ይላል» የሚል ነበር።

አሌር ራሱ አላነበበውም። እንግሊዝኛ በጆሮው ይገባዋል፣ በአፉም እንደ ነገሩ ይሞክረዋል፤ ፊደሉ ግን ወረቀት ላይ ሲያየው እንደ ጉንዳን ይርመሰመስበታል። ያነበበችለት የቄራው ቢሮ ጸሐፊ ናት። እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ ሳል መሰል ነገር አወጣች። አሌር ሳልና ሳቅ ለይቶ ያውቃል። በዚህ ቄራ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ የተሳቀበትን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ ማን እንደሳቀ፣ የት እንደሳቀ፣ ምን ለብሶ እንደሳቀ ሳይቀር።

«ቀጥዪ» አላት።

የቀረው አጭር ነበር። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሦስት ዳኞች ሆስፒታሉ ውስጥ ይቀመጣሉ። የወንድሙ ልጅ ንጎር ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ወይስ ለስድስት ወር በር ተቆልፎበት፣ ወደደም ጠላም መርፌ እየተወጋ ይቆይ፤ ይህን ይወስናሉ። ዘመድ ካለ መናገር ይችላል።

«ትናገራለህ?» አለችው ጸሐፊዋ።

«እናገራለሁ» አለ አሌር። ምን እንደሚናገር ግን አላወቀም። ምክንያቱም መናገር በነበረበት ቀን ዝም ያለው እሱ ራሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ነዳጅ ማደያው ጋ ነበር። ከተማዋ ከብት የምትበላ፣ ከብት የምትሸጥ፣ ከብት የምትሸት የኩዊንስላንድ ከተማ ናት። ከብት የጫኑት ረጃጅም ተሳቢዎች ወደ ቄራው ከመግባታቸው በፊት ከአሌር ቤት ፊት ለፊት ማደያው ላይ ይቆማሉ። ንጎር ከኬንያው ካምፕ ወጥቶ አጎቱ ቤት ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ስምንት። እንቅልፍ የለውም። ሲታጠብ ባልዲ ይዞ በጣሳ ነው፤ ከቧንቧ ሥር አይቆምም። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር ይቆማል። አሌር ይህን ሁሉ አየ፤ አይቶም አለፈ። ሚስቱ አያክ «ልጁ ደህና አይደለም» ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ማናችን ደህና ነን? ያልፋል።» እሱም ልጅ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በእግሩ ሲሄድ ግራ ትከሻው ላይ ጥይት ገብታበታለች። ያን ጊዜ ማን መጥቶ «እንዴት አደርክ» አለው?

አንድ ጠዋት ተሳቢው ቆሞ ሳለ ንጎር በብረቱ መካከል አንድ ነጭና ጥቁር በሬ አየ። መንገዱን ተሻገረ። ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ እንደ ቀንድ ቆለመማቸውና እየዘለለ መዝፈን ጀመረ። አሌርና ንጎር ዲንካ ናቸው፣ በከብት የሚኖር ሕዝብ፤ ዲንካ ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ጎረምሳ ለአካለ መጠን ሲደርስ አባቱ ወይም የአባቱ ወንድም በሬ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ በበሬው ስም ይጠራል፣ በበሬው ይዘፍናል፣ ቀንዱን በክንዱ ይሠራል። ሴት የሚያማልለውም፣ የበደለውን የሚሰድበውም፣ ሐዘኑን የሚያወጣውም በዚያው ዘፈን ነው። የተሳቢው ሹፌር ግን ዲንካ አይደለም። ፖሊስ ጠራ። ንጎር ዘፈኑን አላቋረጠም፣ ክንዱንም አላወረደም፤ አራት ሆነው አወረዱለት።

አሌር ሆስፒታል የደረሰው ደም ያለበትን የቄራ ቦቲውን እንኳ ሳይቀይር ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አጠገቡ ደግሞ አስተርጓሚው ሳንቲኖ፣ ክራባቱን አንቆ። ሌላ ዲንካ የጠፋ ይመስል! ሳንቲኖና አሌር ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ አንድ ድንኳን ነበር የሚያድሩት። ከድንኳናቸው አንድ ልጅ ለትምህርት ሲመረጥ የተመረጠው ሳንቲኖ ነው። አሌር ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ዝርዝሩ ተዘግቶ ደረሰ። ውሃው የሳንቲኖም ውሃ ነበር። ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ አሌር ግን ጀሪካኑ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ዛሬም ይነግርሃል።

ሐኪሙ ጠየቀ፤ «ስምህ ማነው?»

«ማጋክ» አለ ንጎር።

«ማጋክ ማነው?»

ሳንቲኖ ክራባቱን ነካ ነካ አደረገና በእንግሊዝኛ «በሬ ነው። በሬ ነኝ እያለ ነው» አለ። ቃሉን አልሳተም፤ ሌላ ነገር ግን አልጨመረም። ፈረንጅ ፊት ቆሞ የከብት በረት ወሬ ማውራት አሳፍሮታል።

ሐኪሙ ወደ አሌር ዞረ፤ «ይህ በባህላችሁ የተለመደ ነው?»

እዚህ ላይ ነው አሌር መናገር የነበረበት። ነርሷ ቦቲውን እያየች ነበር። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ፈገግ ብሏል። አሌር ደሙን፣ ላቡን፣ የተሰባበረ እንግሊዝኛውን አሰበና መሬት መሬት እያየ «አላውቅም። ተው ብዬው ነበር» አለ።

ንጎር በዲንካ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «አጎቴ፣ አንተም?»

ከዚያ በሩ ተዘጋ።

እሁድ ሊጠይቀው ሄደ። ንጎር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ምላሱ ከብዶታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሩ ዳር ምራቅ አለ። አሌር ያመጣለትን ምግብ ከፈተ። ንጎር አሸተተና ገፋው።

«ሥጋ ነው?»

«ሥጋ የለበትም። አያክ አውቃ ነው፤ የለውዝ ወጥ ነው።»

«እጅህ ግን ይሸታል።»

«በሳሙና ታጥቤያለሁ።»

«ሁልጊዜ ትታጠባለህ፤ ሁልጊዜም ይሸታል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አሌር ይቆጣ ነበር። ዛሬ ዋጥ አደረገና ያሰበውን ተናገረ፤ «ስማኝ፤ ማክሰኞ ዳኞቹ ይመጣሉ። እስከዚያ አትዝፈን። ሲጠይቁህ ማጋክ የሚባል ነገር የለም በላቸው፤ አበቃ። እንሄዳለን።»

«የለም ልበል?»

«አፍ አይደለም እንዴ? በላቸው።»

«አንተ ንገራቸው እንጂ» አለ ንጎር፣ ቃሉ እየተጎተተ። «አንተን አይከብድህ። ባለፈው እንዴት እንደቀለለህ አይቼሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ዘፈኑ ምን እንደሚል ሰምተሃል? ጎረቤት ይሰማል፣ ዝጋ፣ ዝም በል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የነገርከኝ ይህን ነው።»

አሌር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እውነቱን ነው። ድምፁን እንጂ ቃሉን ሰምቶ አያውቅም።

«በል ልስማው» አለ በመጨረሻ።

«ነርሷ ትጽፈዋለች።»

«ትጻፈው! ቀለሙ የራሷ ነው።»

ንጎር ክንዱን ሊያነሣ ሞከረ፤ መድኃኒቱ አልፈቀደለትም። እጆቹን ጭኑ ላይ እንዳሉ ትቶ በዝግታ፣ እንደሚያቃስት ሰው ዘፈነ፤

«ማጋክ፣ ቁራ መሳዩ፣ የአባቴ በረት ጌጥ፣
ጀልባው ሲገለበጥ ጀልባ የሆንከኝ።
በአንድ እጄ ጭራህን፣ በአንድ እጄ አዲትን፤
አንተ አለቀቅከኝም፣ እኔ ግን ለቀቅኋት።
ማዶ ላይ ጥይት ጠበቀህ፤
ሥጋህን ሰጡኝ፣ በላሁ።
ማጋክ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ርቦኝ ነበር፣ በላሁ።»

አዲት የንጎር ታናሽ እህት ናት። ወንዝ እንደወሰዳት አሌር ያውቃል፤ ወሬው በስልክ ደርሶት፣ በስልክ አልቅሶ፣ ስልኩን ዘግቶ ሥራ ገብቶ ነበር። በማን እጅ እንደነበረች ግን የነገረው የለም። የጠየቀም የለም።

ነርሷ መጥታ ወረቀቷ ላይ ጫር ጫር አደረገች። አሌር ተነሣ። እጁን የወንድሙ ልጅ ራስ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋና ሽታው ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው። ንጎር አየው።

«አሳርፈው» አለ። «ምንም አይደል።»

ማክሰኞ ጠዋት አያክ የሠርግ ጃኬቱን አውጥታ ብሩሽ ስታደርግ አሌር ቀማትና መልሶ ሰቀለው።

«ምን ልትለብስ ነው ታዲያ?»

«ይህንኑ።»

«የሥራ ልብስ? አብደሃል? አንተንም እዚያው ያስቀሩህ!»

«ያስቅሩኝ። ባለፈው በዚህ ልብስ አፍሬ ነው አፌን የዘጋሁት። ዛሬ እሱን ለብሼ እከፍተዋለሁ።»

አያክ ተመለከተችው። «ቦቲውን እንኳ ልጠበው» አለችና አጠበችለት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሳንቲኖ ሲጋራ ያጨሳል። አሌርን ከእግር እስከ ራሱ ገረመመው።

«ፍርድ ቤት ነው እኮ የምትሄደው፤ በረት መሰለህ?»

«በረት ነው እንጂ! በር ዘግተው ጎረምሳ የሚወጉበትን ምን ትለዋለህ?»

«አሌር፣ እኔ ያለውን ነው የተረጎምኩት። ቃል አልቀነስኩም።»

«አልቀነስክም። አባትህ በበሬው ስም ማሪያል እየተባለ አልነበር የሚጠራው? ማሪያል ሲሉት አቤት አልነበር የሚለው? ያን ለሐኪሙ ነገርከው?»

ሳንቲኖ ሲጋራውን ጣለ። «አንተስ? አጎቱ ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ይህቺ ገባች። አሌር ትቶት ወደ ውስጥ ገባ፤ ሳንቲኖም ተከተለው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መካከል ላይ ሽበታም ሴት፣ በግራና በቀኝዋ ሁለት ወንዶች። ንጎርን በሁለት ነርስ መካከል አስቀምጠውታል። ወጣቱ ሐኪም ከፋይሉ አነበበ፤ በሬ ነኝ ይላል፤ ክንዱን አንሥቶ ለረጅም ሰዓት ይቆማል፤ ከሌለ እንስሳ ጋር ይነጋገራል፤ ሥጋ አይበላም፤ ገላውን ለመታጠብ እምቢ ይላል፤ ዘመዱም ይህ በባህላቸው እንደማይታወቅ አረጋግጧል።

«ዘመዱ እኔ ነኝ» አለ አሌር ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፤ እንደመጣለት፣ ሥሩም ቅርንጫፉም እንደተሰባበረ። «ዋሽቻለሁ።»

ሽበታሟ ሴት መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «አቶ አሌር፣ ተራዎ ሲደርስ...»

«ተራዬን ሠላሳ ዓመት ጠብቄ አልደረሰም፣ እመቤቴ። አሁን ልጨርስ። ያን ቀን አውቃለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አፈርኩ። አላውቅም አልኩ። እናንተም ጻፋችሁት። የኔን እፍረት የሱ በሽታ አደረጋችሁት። አባቴ ማኩዌይ የሚባል በሬ ነበረው፤ ራሱ ነጭ፣ ገላው ጥቁር። ግራ ቀንዱ ገና ጥጃ ሳለ ወደ ታች ተቀልብሶ ያደገ፤ ለጌጥ። አባቴ ሲዘፍን እንዲህ ነበር የሚሆነው።»

ቀኝ ክንዱን ወደ ላይ አነሣ። ግራውን አነሣ፤ ጥይቷ ከገባችበት ትከሻ አላልፍ ብሎ ወደ ታች ተቆለመመ። ያቺን ክንድ ስንት ዓመት ሲሸሽጋት ኖሯል፤ ዛሬ ግን ቁርጥ የአባቱን በሬ ቀንድ ሆነች። በቦቲው ወለሉን መታና ዘፈነ። ካምፕ ከገባ ወዲህ ዘፍኖ አያውቅም። ድምፁ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ጠፋ።

በበሩ መስታወት አንድ ጠባቂ ብቅ አለ። ወጣቱ ሐኪም እስክሪብቶውን አነሣ።

«ጻፈው!» አለው አሌር፣ ክንዱን ሳያወርድ። «እኔም በሬ ነኝ ብዬ ጻፍ! አልጋ ካላችሁ አስገቡኝ! የኛን መንደር በሙሉ አስገቡ፤ ቦታ ከጠበባችሁ ሳንቲኖን ከኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድርጉት፤ ለምዶታል!»

በዚህ መካከል ከነርሶቹ መሃል ድምፅ ተሰማ። ንጎር ነው። ትከሻው ይርገበገባል። አሌር የሚያለቅስ መሰለው፤ ኋላ ሲያስተውል እየሳቀ ነው።

«አጎቴ፣» አለ በዲንካ፣ «ቀንዱስ ልክ ነው። ድምፁ ግን የፍየል ነው።»

ሳንቲኖ ሳያስበው በሳቅ ፈነዳ። ሽበታሟ ሴት «ምን አለ?» አለችው። ሳንቲኖ ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመ። ከወንዶቹ አንዱ ፊቱን በፋይል ሸፈነ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ወደ ንጎር ጎንበስ ብላ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «አንተ በሬ ነህ?»

ንጎር አሰበበት። መድኃኒቱ ምላሱን እየጎተተበት፣ ቃል በቃል፣ በራሱ እንግሊዝኛ መለሰላት።

«በሬ ብሆን ኖሮ ይሄ አጎቴ ሰኞ ፈረቃ ላይ አርዶኝ ነበር።»

አሁን ሴትዮዋም ሳቀች። አሌር ይህን ሳቅ እንደሌሎቹ አልመዘገበውም።

«ታዲያ ማጋክ ማነው?»

«ማጋክ ሞቷል። ውሃ ያሻገረኝ በሬ ነው። ስዘፍን እህቴንም እሱንም አገኛቸዋለሁ። መሞታቸውን ከእናንተ በላይ አውቃለሁ፤ እዚያ ነበርኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አልታመምኩም አላልኩም። ታምሜያለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ውሃ ነው። ቧንቧ ውሃ ነው፣ ጣሪያ ውሃ ነው። ማንም ስለ ውሃው አልጠየቀኝም፤ ሁላችሁም የምትጠይቁት ስለ በሬው ነው። መርፌያችሁ ውሃውን አላደረቀም። የወሰደብኝ በሬውን ነው። አሁን ውሃ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።»

ሳንቲኖ መተርጎም አላስፈለገውም። ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

«ቁስሉን አክሙለት» አለ አሌር፤ ቁጣው ረግቧል፣ ድምፁ ግን አልለዘበም። «እኔ አላከምኩትም፤ ያልፋል እያልኩ ትቼዋለሁ። እናንተ ከቻላችሁ አክሙት፤ በየሳምንቱ እኔው አመጣዋለሁ። በሬውን ግን ተዉለት።»

ውጭ አቆይተዋቸው ተመካከሩ። ሲመለሱ ሽበታሟ ሴት ውሳኔውን አነበበች። ንጎር ቤቱ ይገባል። መርፌው ይቆማል፤ ክኒኑ ይቀነሳል እንጂ ለጊዜው አይቀርም። በየሳምንቱ ስለ ወንዙ ከሚያናግረው ባለሙያ ጋር ይቀመጣል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል።

«ያቺ መስመርስ?» አለ አሌር። «በሬ ነኝ ይላል የምትለዋ። ሰርዟት።»

«ፋይል ላይ የተጻፈ አይሰረዝም» አለ ወጣቱ ሐኪም። ፊቱ ቀልቷል። «መጨመር ግን ይቻላል።»

«እንግዲያው ጨምሩ። ሳንቲኖ፣ ና ጻፍ! አንተን ያስተማሩህ ለዚህ ነው። ውሃውን የቀዳሁልህም ለዚህ ነው።»

ሳንቲኖ ተቀመጠና አሌር ያለውን ጻፈ። «ማጋክ በሬ ነው። ንጎር ሰው ነው። አጎቱ ያን ቀን ዋሽቷል።» አሌር ጣቱን እያንዳንዱ ፊደል ላይ እያስኬደ አስነበበውና ከሥሩ ስሙን፣ በሚያውቃቸው አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ጫን አድርጎ ጻፈ።

ሦስቱም መኪና ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ አሌር ቆመ።

«ንጎር፣ ለመሆኑ ማጋክን ማን ሰጠህ?»

ልጁ ደነገጠ። ይህን ጥያቄ ሲፈራው ኖሯል። «ማንም። አባቴ ሳይሰጠኝ ሞተ። ራሴ ነው የወሰድኩት።»

«በሬ ራስህ አትወስድም። ይሰጥሃል እንጂ። አባት ከሌለ የአባት ወንድም ይሰጣል፤ በኔ ስንፍና ነው የቆየው። እንግዲህ ሳንቲኖ ምስክር ይሁን፤ ማጋክን ለወንድሜ ልጅ ለንጎር ሰጥቻለሁ።»

«የሞተ በሬ ይሰጣል እንዴ?» አለ ሳንቲኖ።

«እኔ ሰጠሁ። የሚከለክል ካለ ይምጣ።»

ሳንቲኖ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። «ምስክር ነኝ» አለ። «አንተ ግን ጀሪካኑን መቼ ነው የምትተወው?»

«አልተውም» አለ አሌር።

ሰፈራቸው ሲደርሱ ማደያው ላይ ተሳቢ ቆሟል። ከብቶቹ በብረቱ መካከል ይተነፍሳሉ። ንጎር ከመኪናው ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። እንደ ማጋክ ያለ ነጭና ጥቁር የለም፤ ሁሉም ቡናማ ናቸው። ቢሆንም ክንዱን አነሣ። እጁ ገና ይንቀጠቀጣል፤ ቀንዱም አብሮ ተንቀጠቀጠ። አሌር አጠገቡ መጥቶ ቀኙን ወደ ላይ፣ ግራውን ወደ ታች አደረገ። ነገ ንጋት ላይ ፈረቃ አለበት፤ እነዚሁ ከብቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ያንን ነገ ያስብበታል።

ሹፌሩ የነዳጁን ቧንቧ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ መዘዘ።

«ፖሊስ ነው?» አለው አሌር ከመንገዱ ማዶ ጮክ ብሎ። «ጥራ! እስኪመጡ ዘፈኑን እንጨርሳለን፤ ረጅም ነው።»